«ለትርፍ አልቆምንም» ማለት «ለአርቲስቱ አንከፍልም» ማለት ነው?

ሰላም አንባቢዎቻችን። ሰሞኑን የደረሱን ደብዳቤዎች በአንድ ጉዳይ ላይ ተሰብስበዋል። ጉዳዩ ጋለሪ ነው። ሻጩ ጋለሪ ሳይሆን ያኛው ዓይነት፣ ለትርፍ ያልተቋቋመው፣ የአካባቢውን ሠዓሊና ቀራፂ፣ ፎቶ አንሺና ቪዲዮ ሠሪ እደግፋለሁ ብሎ የተነሣው። እኔም እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ዓመታት አሳልፌያለሁ። አንዴ ሥራዬን የምሰቅል ሠዓሊ ሆኜ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ግድግዳ የምቀባና የድጋፍ ማመልከቻ የምጽፍ ሠራተኛ ሆኜ። የሁለቱንም ወገን ጭንቀት አውቀዋለሁ። ስለዚህ የዛሬውን ቦታ በሙሉ ለዚሁ ሰጥተነዋል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከትልልቆቹ ከተሞች ርቄ የምኖር ሠዓሊ ነኝ። በአካባቢያችን ያለ ለትርፍ ያልተቋቋመ ጋለሪ ብቻዬን ኤግዚቢሽን እንዳሳይ ጋበዘኝ። ደስታዬን አልነግርህም። ውሉን ሳነበው ግን ማጓጓዣው በእኔ፣ ፍሬሙ በእኔ፣ የካታሎጉ ማሳተሚያ በእኔ ነው። ለእኔ የሚከፈል ምንም የለም። ስጠይቃቸው «እኛ እኮ ለትርፍ አልቆምንም፤ አንተን ነው የምናስተዋውቅህ» አሉኝ። ልቀበል ወይስ ልተወው? (ሸራው የከበደው)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ደስ ያለህ። ግብዣው ግብዣ ነው፣ ደስታህን ውሉ አይቀማህ። ግን እንዳለ አትፈርመው።

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራው። አንድ ድርጅት ለትርፍ አልተቋቋመም ሲባል ገንዘብ የለውም ማለት አይደለም። ገንዘብ አያስገባም ማለትም አይደለም። ከወጪ የተረፈ ቢኖር ባለቤት ወይም ባለአክሲዮን አይከፋፈለውም፣ ተመልሶ ወደ ሥራው ይገባል ማለት ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። ለጥበቃ ይከፍላል፣ ለመብራት ይከፍላል፣ ለማተሚያ ቤት ይከፍላል። የቤት ኪራይ ሊቀበል የመጣን ሰው «ለትርፍ አልቆምንም» ብሎ የሚመልስ የለም። ያ ሁሉ ወጪ የሚወጣው ደግሞ አንተ የሠራኸውን ሰው እንዲያየው ነው። እና ለሁሉም ተከፍሎ ባዶ እጁን የሚቀረው ሠዓሊው የሚሆነው ለምንድን ነው? ይህ የአንተ ስስት አይደለም። ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

ጥያቄውን የጀመርከውም አንተ አይደለህም። ጃክ ቻምበርስ የሚባል ካናዳዊ ሠዓሊ ነበር። የሚኖረው ኦንታሪዮ ውስጥ ባለችው ለንደን በምትባል ከተማ ነው፣ እንደ አንተው ከሥነ ጥበቡ ማዕከል ወጣ ብሎ። በ1960ዎቹ መጨረሻ የአገሪቱ ብሔራዊ ጋለሪ የአርቲስቶችን ሥራ በስላይድ፣ ማለትም በብርሃን ግድግዳ ላይ በሚታይ የፊልም ፎቶ፣ አባዝቶ ለትምህርት ሊያሰራጭ አሰበ። ለአርቲስቶቹ የሚከፈል ግን አልነበረም። ቻምበርስ እምቢ አለ። ብቻውን እምቢ ብሎ አልተቀመጠም፤ ባልንጀሮቹን ሰብስቦ በ1968 ዛሬ ካርፋክ የሚባለውን የአርቲስቶች ማኅበር አቋቋመ። ማኅበሩ ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ይዞ አልለቀቀም፦ ሥራን ለሕዝብ ማሳየት ራሱ አገልግሎት ነው፣ ስለዚህ ይከፈልበት። ሃያ ዓመት ፈጀበት። በ1988 የካናዳ የቅጂ መብት ሕግ ሲሻሻል፣ ለሽያጭ ወይም ለኪራይ ባልሆነ ኤግዚቢሽን ላይ ሥራው የሚታይ አርቲስት የማሳየት መብት እንዳለው ተጻፈ። ልብ በል፣ ሕጉ በተለይ የሚያወራው ሽያጭ ስለሌለበት ኤግዚቢሽን ነው። የአንተ ጋለሪ ሰዎች «አንከፍልም» የሚሉበት ምክንያት፣ ካናዳ ውስጥ መከፈል ያለበት ምክንያት ሆነ ማለት ነው። ሽያጭ ከሌለ አርቲስቱ ከየት ያግኝ? እንዲያም ሆኖ ክርክሩ ቀጥሎ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በ2014 ማኅበሩ ስለ አነስተኛው ክፍያ ከብሔራዊ ጋለሪው ጋር የመደራደር መብት እንዳለው ወሰነ።

«እኛ ግን ትንሽ ነን፣ አቅም የለንም» ሊሉህ ይችላሉ። እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ለዚህም የታሰበበት መንገድ አለ። በ2008 ኒው ዮርክ ውስጥ ዌጅ የሚባል የአርቲስቶች ቡድን ተነሣ። ሥራው ለትርፍ ያልተቋቋሙ ተቋማት ለአርቲስት እንዲከፍሉ መወትወት ነው። የክፍያ ስሌታቸው ከድርጅቱ ዓመታዊ ወጪ ጋር የተያያዘ ነው። ትልቁ ብዙ ይከፍላል፣ ትንሹ ትንሽ ይከፍላል፣ ግን ምንም የማይባል ነገር የለም። ይህን አሠራር በጣም እወደዋለሁ። ምክንያቱም ትንሹን ጋለሪ አያዋርደውም፣ ሠዓሊውንም ለማኝ አያደርገውም።

እንግዲህ ምን ታደርጋለህ? ስልክ አትደውል፣ ጻፍላቸው። በትሕትና ጻፍ፣ ግን በቁጥር ጻፍ። ማጓጓዣ ይህን ያህል፣ ፍሬም ይህን ያህል፣ ሥራውን ሰቅዬ የማወርድበት ቀን ይህን ያህል ብለህ ዘርዝረህ አስቀምጥ። አብዛኛው የጋለሪ ሰው ክፉ አይደለም። ወጪው ተደምሮ ስላላየው ነው። ከዚያ ሦስት ነገር ጠይቅ፦ የደርሶ መልስ ማጓጓዣ፣ ሥራው ከስቱዲዮህ በር ወጥቶ ስቱዲዮህ በር እስኪመለስ ድረስ የሚሸፍን መድን፣ እና ትንሽም ብትሆን በውሉ ላይ የአርቲስት ክፍያ ተብላ የተጻፈች ገንዘብ። የመጨረሻዋ ትንሽ መሆኗ አያሳስብህ። ስሟ መጻፉ ነው ቁም ነገሩ። ዘንድሮ በውል ላይ የሌለ ነገር ለከርሞም አይኖርም።

በእውነት ገንዘብ ከሌላቸው ደግሞ የሚሰጡት ነገር አያጡም። ሥራዎችህን በባለሙያ ፎቶ ያንሡልህ፣ ፎቶውም የአንተ ይሁን። ስለ ሥራህ ቁም ነገር ያለው ጽሑፍ ያስጽፉልህ። የሥራዎቹን ቁጥር ከሃያ ወደ ስምንት አውርደህ ፍሬሙንና ጭነቱን ማቅለልም ይቻላል። ስምንት ሥራ በሰፊ ግድግዳ ላይ ሲተነፍስ ማየት ደግሞ ከሃያ የታጨቀ ሥራ ይበልጥብኛል።

አንድ የራሴን ልንገርህ። ወጣት ሳለሁ ልክ እንደ አንተ ያለ ውል ፈርሜያለሁ። ሁሉም ወጪ የእኔ ነበር። መክፈቻው ደማቅ ነበር፣ ሰው አጨበጨበ፣ እኔ ግን ለወራት የጭነቱን ዕዳ ስከፍል ብሩሽ አልነካሁም። ይህ ነው የማይታየው ጉዳት። ኋላ ላይ ጋለሪ ውስጥ ስሠራ እኔም በተራዬ ያንኑ ስሕተት ሠራሁ። በጀት ስጽፍ የአርቲስቱን ክፍያ የመጨረሻው መስመር ላይ አስቀምጠው ነበር። ገንዘብ ሲያጥር የሚቆረጠው ደግሞ ሁልጊዜ የመጨረሻው መስመር ነው። ከዚያ ወዲህ አንደኛ መስመር ላይ ጻፍኩት። ሲያጥረን ከግብዣው ቆረጥን፣ ከፖስተሩ ቆረጥን። ኤግዚቢሽኑ አልተጓደለም።

ሁሉንም እምቢ ካሉህ፣ ለአንዷም ካልተንቀሳቀሱ፣ ተወው። ለግድግዳ ገንዘብ የምትከፍለው አንተ ከሆንክ ጋለሪው እየደገፈህ አይደለም፣ እያከራየህ ነው።

ጥያቄ፦ ለትርፍ ያልተቋቋመ የተባለ ጋለሪ ሥዕሌን ሸጦ 35 በመቶውን ወሰደ። ይህ ትርፍ አይደለም እንዴ? ተታልያለሁ? (ግራ የገባት)

መልስ፦ እህቴ፣ አልተታለልሽም። ለትርፍ ያልቆመ ጋለሪ መሸጥ ይችላል፣ ኮሚሽንም ይወስዳል። ገንዘቡ ለሚቀጥለው ኤግዚቢሽን ወጪ እስከዋለ ድረስ ነውር የለበትም። በንግድ ጋለሪዎች ዘንድ የተለመደው ግማሽ በግማሽ ነው። ለትርፍ ያልቆሙት ብዙውን ጊዜ ከዚያ ዝቅ ይላሉ፤ ጭራሽ የማይወስዱም አሉ።

ማየት ያለብሽ መቶኛው ላይ አይደለም፣ ዙሪያው ላይ ነው። ገዢው ቅናሽ ቢጠይቅ የሚቀነሰው ከማን ድርሻ ነው? ካልተጻፈ ካንቺ ይሆናል። ገንዘቡ በስንት ቀን ውስጥ እጅሽ ይገባል? ሠላሳ ቀን በቂ ነው፣ ቁርጡን አጽፊ። የማሠሪያ ወጪው ከባድ የሆነ ሥራ ከሆነ፣ ለምሳሌ ነሐስ ያስቀለጥሽበት ቅርፅ፣ ወጪሽ መጀመሪያ ይነሣና የቀረው ይከፈል። ያለዚያ ሸጠሽ ልትከስሪ ትችያለሽ።

ደግሞ የገዢውን ስም ጠይቂ። ብዙ ጋለሪዎች ደብቀው ይይዙታል። ለንግዱ ጋለሪ ደንበኛውን እንዳያጣ ነው፣ ይገባኛል። ለትርፍ ያልቆመ ቤት ግን ይህ ስጋት የለበትም። አንቺ ደግሞ ሥራሽ የት እንዳለ ማወቅ አለብሽ። ከሃያ ዓመት በኋላ የሕይወት ዘመን ሥራሽ በአንድ ላይ ይታይ ቢባል ከማን ተበድረሽ ትሰበስቢዋለሽ? አንዳንድ አገር ደግሞ ሥዕል ዳግመኛ ሲሸጥ ለሠዓሊው ድርሻ ይታሰብለታል። ፈረንሳይ ይህን በሕግ የደነገገችው በ1920 ነው። የሥራሽን መንገድ የማታውቂ ከሆነ እንዲህ ያለው መብት ቢኖርም አይደርስሽም።

ጥያቄ፦ ከቡድን ኤግዚቢሽን የተመለሰልኝ ሥራ ጥጉ ተጎድቷል። ጋለሪው «ሲመጣም እንዲሁ ነበር» ይላል። በጎ ፈቃደኞች ስለሆኑ መክሰስም ከበደኝ። (የተቀደደው ወረቀት)

መልስ፦ አዝናለሁ። በጎ ፈቃደኛ መሆን ከኃላፊነት ነጻ አያወጣም። ግን ያለ ማስረጃ ክርክሩ አያልቅም። ያሁኑን በሽምግልና ብትጨርሰው ይሻልሃል፤ ማሳደሻውን እኩል ተካፈሉት።

ለቀጣዩ ግን ይህን ልመድ። ሥራውን ከማሸግህ በፊት ፊቱን፣ ጀርባውን፣ አራቱን ጥጎች ፎቶ አንሣ። በአንድ ገጽ ላይ ያለበትን ሁኔታ ጻፍ፦ እዚህ ጋ ትንሽ ጭረት፣ እዚህ ጋ እጥፋት ብለህ። ጋለሪው ሲቀበል ያያል፣ ይፈርማል። ሲመልስም አንተ አይተህ ትፈርማለህ። በትልልቅ ሙዚየሞች ያለዚህ ወረቀት ሥራ በውሰት አይወጣም። የምትፈልገው አንድ ወረቀትና አንድ ስልክ ብቻ ነው፣ ድህነት ሰበብ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ሦስት ጓደኛሞች ነን። አንዳችን ሠዓሊ፣ አንዳችን ፎቶ አንሺ፣ አንዳችን ደግሞ በሒሳብ ሥራ ላይ ያለች። በምንኖርበት ከተማ የዘመኑን ሥነ ጥበብ የሚያሳይ አንድም ቦታ የለም። ባዶ መጋዘን አግኝተናል። ለትርፍ ያልቆመ ጋለሪ ልንከፍት ነው። ከየት እንጀምር? (መጋዘኑን ያገኘነው)

መልስ፦ ደብዳቤያችሁን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ ደስ ስላለኝ። በተለይ የሒሳብ ሠራተኛዋ መኖሯ። አብዛኛው እንዲህ ያለ ቤት የሚዘጋው በሐሳብ እጥረት አይደለም፣ ደረሰኝ በማጣት ነው።

መጋዘን ላይ መጀመራችሁም ጥሩ ነው። በ1974 ቡፋሎ የምትባል የአሜሪካ ከተማ ውስጥ ወጣት አርቲስቶች የቀድሞ የበረዶ መጋዘን ውስጥ ስቱዲዮ ነበራቸው። ከስቱዲዮዎቹ ውጪ ያለውን ኮሪደር ግድግዳ ኤግዚቢሽን ማሳያ አደረጉትና ሆልዎልስ አሉት፣ የኮሪደር ግድግዳ እንደ ማለት ነው። ሮበርት ሎንጎና ቻርልስ ክላፍ ናቸው ዋናዎቹ ጠንሳሾች፤ ያኔ ተማሪ የነበረችው ሲንዲ ሸርማንም አብራቸው ነበረች። ብልሃታቸው ምን መሰላችሁ? «ማንም አያየንም» ብለው አላለቀሱም። በከተማዋ የሚያልፉትን አርቲስቶች ጠሩ። መጥታችሁ አውሩልን፣ ሥራችሁን አሳዩን አሉ። ከዚያ ኒው ዮርክ ካለው አርቲስትስ ስፔስ ከሚባለው ለትርፍ ያልቆመ ቦታ ጋር ኤግዚቢሽን ተለዋወጡ። የእነዚያ እዚህ መጣ፣ የእነዚህ እዚያ ሄደ። ሎንጎና ሸርማን ኋላ ዓለም ያወቃቸው አርቲስቶች ሆኑ፣ ከተማዋንም ለቅቀው ሄዱ። ሆልዎልስ ግን እዚያው ቡፋሎ ቀረ፣ ሃምሳ ዓመቱንም እዚያው ደፈነ። እኔን ከሁሉም የሚገርመኝ ይኼ ነው። መሥራቾቹ ሲሄዱ ቤቱ አልተዘጋም።

ለምን እንዳልተዘጋ አስቡበት። የብዙ ቤቶች ችግር ከመሥራቹ ጋር መሞታቸው ነው። ስኮትላንድ፣ ግላስጎው ከተማ ያለው ትራንስሚሽን የሚባል ጋለሪ ለዚህ ጥሩ መላ አለው። በ1983 ከከተማዋ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶች ናቸው የከፈቱት፣ የሚያሳዩበት ቦታ ስላልነበራቸው። ቤቱን የሚመራው የበጎ ፈቃደኛ አርቲስቶች ኮሚቴ ነው። ማንም ከሁለት ዓመት ገደማ በላይ አይቆይበትም፣ ለሌላው ይለቃል። አርቲስቷ ክሪስቲን ቦርላንድ በዚያ ኮሚቴ አልፋለች፣ በ2005 ተርነር የሚባለውን ታዋቂ የብሪታንያ የሥነ ጥበብ ሽልማት ያሸነፈው ሳይመን ስታርሊንግም እንዲሁ። መሰላል ተሸክሞና ግድግዳ ቀብቶ ያለፈ ሰው በኋላ የሌላውን ድካም አይንቅም። በርግጥ ጉዳትም አለው። ሰው ሥራውን ሲለምደው ይወጣል፣ አዲሱ ደግሞ ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ የወጣው ለገባው የሚያወርሰው መዝገብ ይኑራችሁ፦ ቁልፉ የት ነው፣ አምፖሉ ከማን ይገዛል፣ ባለፈው ዓመት ማን ረዳን የሚለው ሁሉ የተጻፈበት።

አሁን የሚከብደውን ልበላችሁ። ሁለታችሁ አርቲስቶች ናችሁ። በጋለሪያችሁ የራሳችሁን ሥራ ታሳያላችሁ? የመጀመሪያው ዓመት ላይ በፍጹም። ከተማው ሁሉ «የራሳቸውን ሊሰቅሉ ነው የከፈቱት» ማለት ከጀመረ አያቆምም። ጋናዊው ኢብራሂም ማሃማ፣ በጆንያ በሚሠራቸው ግዙፍ ሥራዎች የሚታወቀው፣ ከሥራዎቹ ሽያጭ ባገኘው ገንዘብ በ2019 የአርቲስቶች ቤት ከፈተ። የከፈተው ዋና ከተማዋ አክራ ውስጥ አይደለም፣ ሰሜን ጋና ታማሌ ውስጥ ነው። በመክፈቻው ላይ ያሳየው የራሱን ሥራ አልነበረም። ጋሌ ዊንስተን ኮፊ ዶውሰን የሚባለውን አንጋፋ ሠዓሊ የብዙ ዓመት ሥራ ሰብስቦ አሳየ። የአካባቢ ጋለሪ ከዚህ የተሻለ ምን ሊሠራ ይችላል? እናንተም አካባቢ ለዓመታት ዝም ብሎ የሠራ፣ ማንም ያልጻፈለት ሰው አይጠፋም። ከእሱ ወይም ከእሷ ጀምሩ።

ገንዘብን በተመለከተ ሁሉንም ነገር በአንድ ለጋሽ ላይ አትስቀሉ። ለጋሹ ፊቱን ያዞረ ቀን ቤቱ ይወድቃል። ጀርመኖች ኩንስትፌራይን የሚሉት የቆየ አሠራር አላቸው። የሃምቡርጉ የተመሠረተው በ1817 ነው፣ ዛሬም ይሠራል፤ በመላ አገሪቱ 300 ያህል አሉ። የሥነ ጥበብ ወዳጆች ማኅበር ነው። መምህሩ፣ ሐኪሙ፣ ነጋዴው ዓመታዊ መዋጮ ያዋጣል። ብዙዎቹ በዓመቱ መጨረሻ ለአባሎቻቸው በትንሽ ቁጥር የታተመ የአርቲስት ሥራ በቅናሽ ያቀርባሉ። እንዲህ ሲሆን ጋለሪው ገንዘብ ያገኛል፣ አርቲስቱ ያገኛል፣ ሰውም ቤቱ ግድግዳ ላይ የጎረቤቱን ሥራ ይሰቅላል። ሃምሳ ትንንሽ አባል ከአንድ ትልቅ ለጋሽ ይበልጣል። ሃምሳው አባል መክፈቻ ላይም ይመጣላችኋል።

ስለ ቤቱ በአጭሩ። ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ ከቀለሙ በፊት ጣሪያውን። በመስኮት የሚገባ ቀጥተኛ ፀሐይ ወረቀትና ጨርቅ ይበላል፣ የተበላው ደግሞ አይመለስም። ሉክስ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው፤ ለወረቀትና ለጨርቅ ሥራ 50 ሉክስ ገደማ፣ ለዘይት ቀለም እስከ 200 ሉክስ ድረስ በቂ ነው፤ ስልካችሁ ላይ የሚጫን መለኪያ ግምቱን ይሰጣችኋል። የሥዕሉን እምብርት ከወለሉ ወደ 150 ሴንቲ ሜትር ላይ አድርጉት፣ ዓይን ላይ ያርፋል። የተጻፈ የመክፈቻ ሰዓት ይኑራችሁ፣ ደግሞ በዚያ ሰዓት ክፈቱ። በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ቢሆንም ግድ የለም። አንድ ሰው መጥቶ ዝግ ሆኖ ካገኘው ግን ዳግመኛ አይመጣም።

የመጨረሻው ነገር መዝገብ ነው፣ እዚህ ላይ እለምናችኋለሁ። እያንዳንዱን ኤግዚቢሽን ፎቶ አንሡ፣ የሥራዎቹን ዝርዝር ከነልካቸው ጻፉ፣ አርቲስቱን አነጋግራችሁ ድምፁን ቅዱ። ከማዕከል ርቆ የሚሠራ አርቲስት ትልቁ ችግሩ አለመሸጡ አይደለም፣ አለመጻፉ ነው። ነገ ተመራማሪ ቢመጣ ስለ እሱ የሚያነበው ወረቀት የለም። ያ ወረቀት እናንተ ጋ ይኑር።

ጥያቄ፦ ለሦስት ዓመት ተከታታይ ለአንድ ጋለሪ አመለከትኩ፣ ሦስቴም ተመለሰብኝ። ሰው የለኝም። ያለ ትውውቅ አይሆንም ማለት ነው? (የተመለሰብኝ)

መልስ፦ እህቴ፣ ትውውቅ ቦታ የለውም ብዬ አልዋሽሽም። አለው። ከዳኞቹ አንዱ ስምሽን ሰምቶ ከሆነ ፋይልሽን ቀስ ብሎ ያየዋል፣ ካልሰማ ፈጠን ይላል። ደህና ጋለሪ ይህን ስለሚያውቅ ዳኞቹን በየዓመቱ ይቀይራል፣ ከሌላ አካባቢም ሰው ያስገባል። ቅድም ያነሣሁት አርቲስትስ ስፔስ በ1970ዎቹ ሥራ ሲጀምር ጋለሪ የሌላቸው አርቲስቶች ስላይዳቸውን የሚያስቀምጡበት መዝገብ ነበረው፣ ማንም ገብቶ ያየዋል። ቀደምት ኤግዚቢሽኖቹ ላይ ደግሞ የሚመርጡት አርቲስቶች ራሳቸው ነበሩ። ትውውቅ የሌለው ሰው እንዲታይ ታስቦ የተሠራ በር ነበር። ያንቺ ጋለሪ እንዲህ ያለ በር አለው? ዳኞቹ እነማን እንደሆኑ ያሳውቃል? ካላሳወቀ መጠየቅ መብትሽ ነው። ለማመልከቻ ገንዘብ የሚያስከፍልሽ ከሆነ ደግሞ ሌላ ቦታ ሞክሪ።

ያንቺን ድርሻ በተመለከተ፣ እኔ ራሴ ማመልከቻ ከሚያዩት አንዱ ነበርኩ። ብዙ ሰው የሚወድቀው ሁሉንም በመላክ ነው። አንድ መልክዓ ምድር፣ አንድ የሰው ፊት፣ አንድ ረቂቅ ሥዕል፣ አንድ የተማሪነት ሥራ። ዳኛው «ይህች ሰው ማን ናት?» ብሎ ግራ ይገባዋል። አሥር ፎቶ ላኪ፣ አሥሩም አንድ ነገር የሚከተሉ ይሁኑ። በቀን ብርሃን አንሺያቸው፣ የግድግዳው ጥላና የሶፋው ጫፍ አይግቡበት። ጽሑፍሽ ላይ «ሥራዬ የሰውን ልጅ ውስጣዊ ዓለም ይመረምራል» አትበይ፣ ይህን ሁሉም ይላል። ምን እንደምትሠሪ፣ በምን እንደምትሠሪ፣ ለምን እሱን እንደማትተዪው ጻፊ። ለእናትሽ እንደምትነግሪያት አድርገሽ።

ደግሞ ወደ ጋለሪው ሂጂ። የምታመለክቺበትን ቤት ኤግዚቢሽን አይተሽው ታውቂያለሽ? የሌላውን መክፈቻ ላይ ተገኚ፣ ሥራውን እዪ፣ ሰላም በያቸው። ይህ ደጅ መጥናት አይደለም። ትውውቅ የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እንዲህ ነው።

ጥያቄ፦ ጡረተኛ ነኝ። በሰፈሬ እንዲህ ያለ ጋለሪ ተከፍቷል። መግባት እፈልጋለሁ፤ ግን ስለ ሥዕል አላውቅም፣ መግዛትም አልችልም። ሳልገዛ ብገባ ቅር ይላቸው ይሆን? (አላፊ አግዳሚ)

መልስ፦ አባቴ፣ ይግቡ። ቤቱ የተከፈተው ለእርስዎ ነው፣ እውነቴን ነው። እንዲህ ያለው ጋለሪ ድጋፍ ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ «ስንት ሰው ጎበኛችሁ?» ይባላል። እርስዎ በር ላይ ያለው መዝገብ ላይ ሲፈርሙ ምንም ሳይገዙ ረዷቸው ማለት ነው።

ለማወቅ አይጨነቁ። አንዱ ሥራ ፊት ብቻ ትንሽ ቆም ይበሉ፣ ሌላውን ይለፉት። ያልወደዱትን አልወደድኩትም ማለት ይችላሉ፣ ማንም አይቆጣም። ከመክፈቻው ቀን ይልቅ በአዘቦት ቀን ይሂዱ፣ ሰው አይበዛም። በር ላይ የተቀመጠውን ልጅ «ይህን ማን ሠራው?» ብለው ይጠይቁት። እንዲህ ያሉ ቤቶች ውስጥ ብዙ ጊዜ በር ላይ የሚቀመጠው የሠራው ሰው ራሱ ነው።